የግቢዬ በር ላይ ዛፍ ወድቋል፦ ለቤት የሚሆን ርካሽ ቼይንሶው (የሞተር መጋዝ) የትኛው ነው?

የሱሉልታዋ፦ ወገኖች፣ ቶሎ መልሱልኝ! ሌሊት በዝናቡ ትልቅ ባህር ዛፍ ወድቆ የግቢዬን በር ዘግቶታል። መኪናዬ ውስጥ ቀርታለች። ባለ መጋዞቹ የጠሩብኝ ዋጋ ናላዬን አዞረው። እንደዚህ ከሆነ የራሴን ልግዛ ብዬ በታክሲ መርካቶ ወርጃለሁ። በዓመት አንዴ ሁለቴ ብጠቀምበት ነው። አንዱ ባለ 58 ሲሲ፣ በቤንዚን የሚሠራ የቻይና ማሽን ያሳየኛል፣ ሌላው በኤሌክትሪክ የሚሠራ። ሱቁ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ የቱን ልውሰድ?

አናጢው፦ ግንዱ ምን ያህል ይወፍራል? መብራትስ እስከ በሩ ይደርሳል?

የደን ልጅ፦ እህቴ፣ ባህር ዛፍ ቤት አጠገብ አይተከልም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገራችን የገባው የማገዶና የግንባታ እንጨት ስላለቀ ነበር። ውሃ በጣም ይጠጣል። ደግሞ ተቆርጦ አይሞትም፣ ጉቶው ያቆጠቁጣል። ዛሬ ብትቆርጪው ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ነሽ። እኔ ብሆን ሥሩን አስነቅዬ ቦታው ላይ አገር በቀል ዛፍ እተክል ነበር።

ጎረቤት፦ ወንድሜ፣ በሩ ይከፈትላትና ትምህርቱን ቡና ላይ እንሰማዋለን 😄

እማማ ዙፋን፦ ልጄ፣ ለአንድ ዛፍ ማሽን አይገዛም። ሰፈር ውስጥ ማገዶ የሚፈልግ ጠይቂ። እንጨቱን ለራሱ እየወሰደ ይቆርጥልሻል። እኔ ባለፈው ክረምት እንዲሁ ነው ያደረግሁት፣ ሳንቲም አልወጣኝም።

የሱሉልታዋ፦ እማማ፣ ጠይቄ ነበር። ሁሉም መጋዝ የለኝም ነው የሚለኝ። አናጢው፣ ውፍረቱ የባለ 20 ሊትር ባልዲ አፍ ያህላል። መብራት ከሌሊት ጀምሮ የለም።

አናጢው፦ እንግዲያው ኤሌክትሪኩን ተይው። ለዚያ ውፍረት 40 ሳንቲሜትር ባር (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት) ይበቃል። 58 ሲሲው ጉልበት አለው፣ ግን ይከብዳል። 40 ሲሲ አካባቢ ካለ እሱ ይሻልሻል። ከማሽኑ ጋር መለዋወጫ ሰንሰለትና ክብ ሞረድ ግዢ። ሰንሰለቱ አፈር ከነካ ወዲያው ይደንዛል።

ሜካኒኩ፦ ቤንዚን ብቻ እንዳትጨምሪበት! ቱ ስትሮክ ዘይት (ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀል የሞተር ዘይት) ይጨመርበታል። ብዙ የቻይና ማሽኖች 25 ለ 1 ይላሉ፣ ማለትም ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት። መመሪያው 50 ለ 1 ካለ 20 ሚሊ ሊትር ነው። የሰንሰለቱ ዘይት ሌላ ነው፣ የራሱ ጋን አለው።

ባለ ባጃጅ፦ ዘይት ቀላቅይ። ያለ ዘይት አንድ ቀን አይውልም።

ሜካኒኩ፦ አሁን ያልኩት እኮ ነው። ሥራ ስትጨርሺ ደግሞ የተረፈውን ቤንዚን ከማሽኑ አውጪው። በዓመት አንዴ የሚነሳ ማሽን ውስጡ በቆየ ቤንዚን ካርቡሬተሩ ይደፈናል።

አናጢው፦ አንድ ነገር ረሳሁ። ግንዱ አጥሩ ላይ ጋደም ብሎ ሁለት ጫፉ ከተደገፈ፣ መጀመሪያ ከላይ ሲሶውን ቁረጪ፣ ከዚያ ከሥር ጨርሺ። አለበለዚያ መጋዙን ነክሶ ይይዘዋል። በባሩ ጫፍ አትቁረጪ፣ ወደ ፊትሽ ይመለሳል። ከሥሩ ተነቅሎ ከሆነ ደግሞ ጉቶው አጠገብ ሰው አይቁም። ግንዱ ሲለቀቅ ጉቶው ተመልሶ ሊቆም ይችላል። ከዚህ በፊት መጋዝ ይዘሽ ካላወቅሽ ግን የሚያውቅ ሰው ይያዝልሽ።

ጎረቤት፦ ቆይ ቆይ። መብራቱ የጠፋው ዛፉ ሲወድቅ ነው እንዴ? ሽቦ ጥሎ ይሆን?

የሱሉልታዋ፦ ሰፈሩ በሙሉ ነው የጠፋው። ሽቦውን አላየሁም፣ ጨለማ ነበር። 40 ሲሲውን እየከፈልኩ ነው።

ሜካኒኩ፦ መብራት የለም ማለት ሽቦው ሞቷል ማለት አይደለም። በማንኛውም ሰዓት ሊመለስ ይችላል። ሽቦ ከነካ ዛፉንም አጥሩንም ማንም እንዳይነካ። የመብራት ሠራተኞች መጥተው መስመሩን ይዝጉ፣ መጋዙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እማማ ዙፋን፦ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ እንዴ ልጄ? ደውለሽ በዚያ በር እንዳይወጡ ንገሪያቸው።

ጎረቤት፦ የሱሉልታዋ፣ ደረስሽ? ሽቦውን አየሽው?