የግቢ ጠብና ሽጉጥ፦ ለራስ መከላከያ የመሣሪያ ፈቃድ ይላላ?

የሳቢያኑ፦
ድሬ (ድሬዳዋ) ውስጥ ስለ ሌባ በተወራ ቁጥር አንድ ሐሳብ ይነሳል። "ለአባወራ ሁሉ የሽጉጥ ፈቃድ ይሰጠው። ግቢው የገባበትን ይምታ። ሕግም አይጠይቀው" ይባላል። እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። ምክንያቴን ልንገራችሁና ተከራከሩኝ።

አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ግዛት ውስጥ ኦካላ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 እዚያ የሆነውን ስሙ። አንዲት ሴት የሰፈሩ ልጆች ከቤቷ ጎን ባለው ሜዳ ሲጫወቱ አትወድም። ንትርኩ ቆየ። ፖሊስም በተደጋጋሚ እየተጠራ መጥቶ ይሄድ ነበር። በመጨረሻ የልጆቹ እናት ልትጠይቃት ሄዳ በሩን ደበደበች። መሣሪያ አልያዘችም። ሴትየዋ በሩ እንደተቆለፈ ከውስጥ ተኮሰች። የ4 ልጆች እናት ሞተች። ተኳሿ "ለሕይወቴ ፈርቼ ነው" አለች።

አሁን የዚያን አገር ሕግ እዩ። ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ሕግ፣ ለሕይወቱ የሰጋ ሰው መሸሽ ቢችል እንኳ የመሸሽ ግዴታ የለበትም። ቆሞ መተኮስ ይችላል። ዛሬ ከግማሽ በላይ የአሜሪካ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። በአንድ ግቢ አምስት ስድስት አባወራ ሆነን የምንኖር ሰዎች ወደዚህ እንሂድ?

የገንደ ቆሬው ነጋዴ፦
ወንድሜ፣ ታሪኩን ጨርሰው እንጂ። ሴትየዋ እ.ኤ.አ. በ2024 ጥፋተኛ ተብላ 25 ዓመት ተፈርዶባታል። ሕጉ አላዳናትም። ያለ አግባብ የተኮሰ ይታሰራል ማለት ነው። ታዲያ በአግባቡ የሚከላከለው ለምን ይከልከል?

እኔ ማታ ሱቅ ዘግቼ የቀኑን ሽያጭ ይዤ ነው የምገባው። 4 ሆነው አጥር ቢዘሉ ፖሊስ እስኪደርስ ማን ያድነኛል? ሌባው እንደሆነ ፈቃድ አይጠይቅም። የእኛ አካባቢ የኮንትሮባንድ መንገድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። መሣሪያ የፈለገ ያገኛል። ሕጉ እጁን የሚያስረው የእኔን፣ የግብር ከፋዩን ነው።

የሳቢያኑ፦
ተፈርዶባታል፣ እውነት ነው። ግን ከቀብር በኋላ ነው። ደግሞ ወዲያው እንኳ አልታሰረችም። የአካባቢው ሸሪፍ (የፖሊስ አዛዥ) ይህ ሕግ ስላለ መጀመሪያ ራሷን ተከላክላ እንደሆነ ማጣራት አለብን ብሎ ቀናት ወስዷል። ሕጉ ሲወጣ ታሳቢ የተደረገው ጨዋ ሰውና ዘራፊ ነው። በተግባር ግን ጎረቤትና ጎረቤትም፣ መኪና ማቆሚያ ላይ የተጣሉ ሰዎችም ይጠቅሱታል።

እ.ኤ.አ. በ2017 "ጃማ ኢንተርናል ሜዲሲን" በተባለ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት አለ። ከሕጉ በኋላ ፍሎሪዳ ውስጥ የሰው ግድያ በ24 በመቶ ገደማ፣ በመሣሪያ የተፈጸመው ደግሞ በ32 በመቶ ገደማ ጨምሯል ይላል።

የገንደ ቆሬው ነጋዴ፦
አቦ፣ የአሜሪካን ቁጥር ለድሬ አታምጣብኝ። እዚያ መሣሪያ ከሕዝቡ ቁጥር በላይ ነው። እኔ የምጠይቀው በምርመራ፣ በሥልጠና፣ በምዝገባ የሚሰጥ አንድ ሽጉጥ ነው።

ጠበቃዋ፦
የእኛ ሕግ ምን እንደሚል ሳይነሳ ክርክሩ ሩቅ ሄደ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል። ራስህን ብቻ አይደለም፣ ሌላውንም ጭምር። ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት። የደረሰ ወይም አሁኑኑ ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት። መከላከያህም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ከፍሎሪዳ የሚለየን "በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል" የምትለዋ ናት። በሩ ተቆልፎ፣ ስልክ በእጅ እያለ ሌላ መንገድ አለ።

ወንድሜ ነጋዴው፣ አራት ሰዎች ቢላ ይዘው ቢመጡብህና መውጫ ብታጣ ሕጉ ካንተ ጋር ነው። ቴሌቪዥን ይዞ የሚሮጥን ሰው ከጀርባው ብትመታ ግን መከላከል አይባልም። ከልኩ ያለፈ ሰውም እንደ ማንኛውም ገዳይ አይታይም። ተራ ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። የመከላከልን ልክ አልፎ የገደለ ግን በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው። አንቀጽ 79 ደግሞ ልኩን ያሳለፈው ይቅር ሊባል የሚችል ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ላይቀጣው ይችላል ይላል። ስለዚህ "ሕግ አይጠይቀው" የሚለው ጥያቄ ምን ለመጨመር እንደሆነ አይገባኝም። መጠየቁ ራሱ ነው የሟችን ቤተሰብ ከበቀል የሚያቆየው።

መሣሪያውን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። ፈቃድ የሚባል ነገር ግን አልጠፋም።

የከዚራዋ እናት፦
ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ወንድ ነው። የእኔ ባል ሥራው የጅቡቲ መስመር ነው። ሌሊቱን ከልጆቼ ጋር ብቻዬን ነኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የግቢው በር ሲንቀሳቀስ "ሌላ መንገድ አለ ወይ" ብዬ አንቀጽ አልቆጥርም። ሽሺ ብትሉኝስ ወዴት? ልጆቼ በሌላኛው ክፍል ተኝተው?

ሽጉጥ ልያዝ አላልኩም። ግን ፍርሃታችንን እንደ ተራ ነገር አታሳልፉት። ይሄ ሐሳብ ሰፈር ለሰፈር የሚወራው ሰው ደም ስለጠማው አይደለም። ጠርቶ የሚደርስለት ስላጣ ነው።

ጠበቃዋ፦
እህቴ፣ ሕጉ ልጆችሽን ጥለሽ ውጪ አይልሽም። እነሱን ጥሎ መሸሽ እንደ ሌላ መንገድ አይቆጠርም። ስለ ፍርሃቱ ያልሽው ትክክል ነው፣ ሕጉም ያውቀዋል።

የጀጎሉ፦
ከሐረር ነኝ። ከሕጉ ይልቅ ስለ ቤታችን ላውራ። ጀጎል ውስጥ ቤቶቻችን በግድግዳ የተያያዙ ናቸው። ድሬም በቀበሌ ቤቶች ግቢው አንድ፣ ሽንት ቤቱ አንድ፣ የውሃ ቧንቧው አንድ ነው። በር የምንለው ቆርቆሮ ነው፣ ቢበዛ ላሜራ። ጥይት ቆርቆሮ አያቆመውም። ከበሩ ጀርባ ማን እንደቆመ ተኳሹ አያይም። በድሬ ሙቀት ደግሞ ስንቱ ሰው ደጅ አንጥፎ ነው የሚተኛው? ሌሊት ግቢ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌባ አይደለም። ሽንት ቤት የሚሄድ የጎረቤት ልጅ ነው። ውሃ በሌሊት ሲመጣ ጀሪካን የምታሰልፍ እናት ናት። ለዚህ ግቢ ነው ሽጉጥ የምትጠይቁት?

ጠቡንም እናውቀዋለን። የጣሪያ ውሃ ወደ እኔ ፈሰሰ። ቆሻሻ በሬ ላይ ተደፋ። አጥሩ በአንድ ክንድ ገፋ። ልጅህ ልጄን መታ። ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። ያን ዕለት የመጣ ጠብ አይደለም፣ ስንት ጊዜ የተነገረና የታለፈ ነው። ኦካላም እንደዚያው ነው የሆነው። እኛ ጋ እንደ ዕድር ያለ አፎቻ የሚባል ማኅበር አለ። ለሠርግና ለቀብር አንድ ላይ የሚቆም ሰው ለጠቡም አንድ ላይ መቆም ይችላል። ችግሩ ሽማግሌ የሚጠራው ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ ለካሣና ለዕርቅ መሆኑ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን በአፋችን ብቻ ይዘነዋል።

የገንደ ቆሬው ነጋዴ፦
የቆርቆሮውን ነገር ተቀብያለሁ። እውነት ነው፣ የእኔም በር ቆርቆሮ ነው። ግን ሽማግሌ ዘራፊን አያስታርቅም። ስለዚህ እንዲህ ልበል፦ ፈቃድ ይሰጥ፣ ከጎረቤቱ ጋር በጠብ ጣቢያ የቀረበ፣ የዛተ ሰው ግን አይሰጠው። ያለውም ይነጠቅ።

የሳቢያኑ፦
የመጨረሻዋን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ግን ተግባሩን አስበው። ከእኛ መሃል በጎረቤቱ ላይ ጣቢያ ሄዶ ያመለከተ ስንት ነው? "ነገ ቀብር ላይ እንገናኛለን" ብለን እንተወዋለን። ዛቻው አይመዘገብም። ስለዚህ ያ የዛተው ሰው ፈቃድ ሲጠይቅ ወረቀቱ ንጹህ ነው፣ ይሰጠዋል። ማጣሪያህ የሚይዘው ሌባውን እንጂ የሚገድለውን ጎረቤት አይደለም።

የከዚራዋ እናት፦
እንግዲያው ከዚህ ይጀመር። የኮሚኒቲ ፖሊስ በየቀበሌው አለ አይደል? የሰፈር ጠብ የሚመዘግብበት ደብተር ይኑረው። ለክስ አይደለም፣ እንዲታወቅ ብቻ። ሁለቴ ሦስቴ የተመዘገበ ጠብ ለሽማግሌ ይመራ። ዛቻ ካለበት ሽማግሌ አይበቃውም፣ ለፖሊስ ይሁን። እኔን ደግሞ ሌሊት ስደውል የሚመጣ ሰው ስጡኝ። የሌሊት ጥበቃ ለመቅጠር ሰፈሩ ቢያዋጣ እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ።

የገንደ ቆሬው ነጋዴ፦
ለጥበቃው እኔም አዋጣለሁ። ለደብተሩም እስማማለሁ። በፈቃዱ ግን አቋሜን አልቀየርኩም።

የሳቢያኑ፦
እኔም አልቀየርኩም። ደብተሩንና ጥበቃውን በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ አነሳቸዋለሁ፣ አብረኸኝ ና። ፈቃዱን እዚያው ፊት ለፊት እንከራከርበት።