2.4 ሜትር የአክሱም ሐውልት ከካርቶን፦ ጎበጠብን፣ ምን እናድርግ?

ልጄ ለትምህርት ቤት የምትሠራው ከሮም የተመለሰውን የአክሱም ሐውልት ነው። እውነተኛው 24 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ1 ለ10 ሲሰላ 2.4 ሜትር ይመጣል። አራቱን ጎን ከፍሪጅ ካርቶን ቆርጠን፣ የካርቶኑን መስመር ወደ ላይ አድርገን በማስቲሽ አያያዝነው። እስከዚህ ደህና ነበር። አንዱን ጎን ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ስንለብጠው ግን በማግስቱ ሙሉው ሐውልት ወደዚያው ጎበጠ፤ ወረቀቱ ሲደርቅ እየተሰበሰበ ይጎትተዋል። በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ውስጡ የካርቶን መደገፊያ ብናስገባ ይበቃል? ወይስ ቀጭን አጠና መሃሉን ማሳለፍ ይሻላል? በሚኒባስ ስለሚሄድ ለሁለት መክፈል ግድ ነው፤ መገጣጠሚያው እንዳይወዛወዝ አንዱ ሌላው ውስጥ ስንት ሳንቲ ሜትር ይግባ? ከሥሩ 5 ኪሎ አሸዋ አስበናል። በሌሎቹ ጎኖች የሐሰት መስኮቶቹን አንድ በአንድ ቆርጣ ለጥፋለች፣ እንደገና ጀምሪ ማለት አልችልም። ማስረከቢያዋ ዓርብ ነው፤ እባካችሁ።