ሰፈሬ ቀድሞኝ ሄዷል፤ እኔስ ልሂድ?

የካዛንችሷ ነርስ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የጨነቀኝ ነገር አለ፤ ተከራከሩበት። 31 ዓመቴ ነው፤ ነርስ ነኝ። ጀርመን ያለ አንድ ሆስፒታል ሊቀጥረኝ ተስማምቷል። የጀርመንኛውን ቢ2 ደረጃ ፈተና አልፌያለሁ። የቀረኝ የኤምባሲ ቀጠሮ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአዳር ወጥቼ፣ ዓይኔን እያሸሁ ጀርመንኛ የተማርኩት ለዚህ ነበር። ቀኑ ሲቀርብ ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

ሰው "አገር ጥሎ መሄድ" ሲል እሰማለሁ። እኔን ያስቸገረኝ ይኼ አባባል ነው። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ እኛም ተነሳን። አሁን ገላን ጉራ ነን። ቤቱ አዲስ ነው። የራሳችን መጸዳጃ ቤት አለን፤ ድሮ ለስድስት አባወራ አንድ ነበር። ይህን መካድ ነውር ነው። ግን እማዬ ከ40 ዓመት በላይ ቡና አብራቸው የጠጣች ሴቶች ተበትነዋል። አንዷ አራብሳ ናት። አንዷ ልጇ ጋ ሱሉልታ ገባች። አንዷ የት እንደገባች እንኳ አናውቅም።

የእድራችን ድንኳን ተጠቅልሎ በአንድ አባል ሳሎን ጥግ ተቀምጧል። ድስቶቹ ሌላ ቤት፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ሌላ ቤት ናቸው። ባለፈው ጥር አንድ አባል ሲሞቱ ዕቃውን ለማሰባሰብ ብቻ ግማሽ ቀን ሄደ። ቀብሩ ላይ የደረስነው 11 ሰዎች ነን። ድሮ ቢሆን መንገድ ይዘጋ ነበር። እማዬ ያን ቀን ማታ ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ "እኔንስ ማን ይቀብረኛል?" አለች።

እኔ ሳልሄድ ሰፈሬ ሄደ። ታዲያ ልቆይ ብል የምቆየው ምን ጋ ነው? ልሂድ ብልስ እማዬን ለማን ትቼ ነው? ያለ ይሉኝታ ንገሩኝ።

የደሴው መምህር

እህቴ፣ የጻፍሽው ልብ ይነካል። እኔ ግን ቆዪ ከሚሉት ወገን ነኝ። ምክንያቴን ልናገር።

9ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ባለፈው ወር ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው "አድጋችሁ እዚሁ አገር መኖር የምትፈልጉ እጅ አውጡ" አልኳቸው። ከ58 ልጆች አራቱ አወጡ። አንደኛው ግራና ቀኙን አየና መልሶ አወረደው። ያን ቀን ምሳ አልወረደልኝም። ልጆቹ ይህን ከየትም አላመጡትም፤ ከእኛ ነው የሰሙት። የፊዚክስ መምህራችን ሲሄድ ተተኪ ሳይመጣ ዓመቱ አለቀ። እነሱም የሚያውቁት "ጎበዙ ይሄዳል" የሚለውን ብቻ ነው።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ፤ ተመስገን ነው። ግን የቀረው ልጅ የት ይግባ? ደላላው የሚጠብቀው እሱን ነው። ጥሩ መምህር፣ ጥሩ ነርስ በሄደ ቁጥር የሚጎዳው መሄድ የማይችለው ነው። በ2014 ከተማችን በጦርነቱ ተይዛ ስትለቀቅ ሆስፒታላችን ተዘርፎ ነበር። መልሰው ያቆሙት እዚሁ የቀሩት ባለሙያዎች ናቸው። እነሱ ባይኖሩ እኔም ሚስቴን በወሊድ ላጣት እችል ነበር።

የካዛንችሷ ነርስ

መምህር፣ ያሉት እውነት ነው። ግን ጥያቄው ለምን ለእኔ ብቻ ይቀርባል?

በመስከረም 2018 የዲግሪ መነሻ ደሞዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ። ደስ ብሎናል። ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ጭማሪው ሲደርስ ዶላሩ ከ130 ብር አልፏል። 11,500 ብር 90 ዶላር አይሞላም። ዶላር አንበላም ይሉኝ ይሆናል። ዘይቱም መድኃኒቱም የሚመጣው በዶላር ነው። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሱት ለቅንጦት አልነበረም።

ጓንት አልቆ እጄን በፌስታል ሸፍኜ ቁስል ያጠብኩበት አዳር አለ። በሽተኛው ሽማግሌ ነበሩ። አይተውኝ "አይዞሽ ልጄ፣ አንቺም ሰው ነሽ" አሉኝ። እኔ ነኝ ማጽናናት የነበረብኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ለጀርመንኛ ትምህርት የተመዘገብኩት። ስለዚህ "ቆዪ" የሚለኝ ሰው ጓንቱንም አብሮ ይጠይቅልኝ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

እህቴ፣ እኔ ሂጂም አትሂጂም አልልሽም። አንድ ነገር ግን ሳይነግሩኝ ስለመጣሁ ልንገርሽ።

በ2006 አሜሪካ መጣሁ፤ ጥገኝነት ጠየቅኩ። ውሳኔው ሰባት ዓመት ቆየ። ጉዳይህ እየታየ አገር ቤት መሄድ አትችልም፤ ከሄድክ ጥያቄህ አለቀለት። እናቴ በአምስተኛው ዓመት አረፈች። እኔ ያኔ ማታ ማታ መኪና ማቆሚያ ጠባቂ ነበርኩ። እዚህ የኛ ሰው ወግ አለው። መርዶ የሚያረዳ ሰው ተሰብስቦ ሌሊት በርህን ያንኳኳል። ለኔ ግን ማንም ሳይደርስ ስልኬ ቀደመ። አንድ የአክስቴ ልጅ የሬሳ ሣጥኑን ፎቶ ለጠፈ። መኪናዎች ተሰልፈው ጡሩንባ እየነፉ ቲኬት እየቆረጥኩ አለቀስኩ።

አንቺ በሥራ ውል ስለምትሄጂ እንደኔ አትታገጂም። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ አትናቂው። ግን ገንዘብ ልላክና እናቴ ትኖራለች ብለሽ ብቻ አትሂጂ። እኔ በየወሩ እልክ ነበር። እናቴ ታማ ሌሊት ሐኪም ቤት ያደረሰቻት ግን ጎረቤት ናት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚሉት ለካ እውነት ነው። የእናትሽ ጎረቤት ደግሞ ተበትኗል ብለሻል። ቤቱ ውስጥ የሚያድር ሰው ሳታገኚ ትኬት አትቁረጪ።

ከሪያድ የተመለሰችው

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። አትሂጂ በሚሉሽ አልስማማም። ሂጂ።

በ2002 ሳዑዲ ገባሁ። ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። በ2006 በጅምላ ሲያስወጡን መጣሁ። ያኔ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ሰው ነው የተመለሰው። ቦሌ ስወርድ የያዝኩት አንድ ፌስታል ነበር። አራት ዓመት ለፍቼ ፌስታል! ሰው ግን አንድ ነገር ይረሳል። በዚያው አራት ዓመት ሁለት ወንድሞቼን አስተምሬያለሁ። የአባቴን ቤት ቆርቆሮ አልብሻለሁ። ስለዚህ ስደት ከንቱ ነው ሲሉ ደሜ ይፈላል።

ልዩነቱ በምን መንገድ የሚለው ነው። መምህር፣ የእርስዎ ተማሪዎችና ይህች ነርስ አንድ ላይ መነገር የለባቸውም። እሷ ውል አላት፤ ስሟ ይታወቃል፤ ብትበደል የምትከስበት አገር ነው የምትሄደው። የኛ ሰፈር ልጆች በጅቡቲው ኦቦክ ወይ በሶማሊያው ቦሳሶ ጀልባ ላይ የሚወጡት ስማቸውን እንኳ ለማንም ሳይሰጡ ነው። በሐምሌ 2017 የመን አጠገብ አንድ ጀልባ ሰጥሞ ከ60 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ የኛ ልጆች ነበሩ። በኛ ቀበሌ እስካሁን ልጃቸው በዚያ ጀልባ ይኑር አይኑር የማያውቁ እናት አሉ። ድንኳን አልጣሉም። እንዴት ይጣሉ? ሞተ ያላቸው የለም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከወንበራቸው ይነሳሉ።

መምህር፣ ክርክራችሁን እዚያ ላይ አድርጉት። ለልጆቹ "አትሂዱ" ብቻ አትበሏቸው። ቋንቋ አስተምሯቸው፤ ሙያ አስይዟቸው፤ ውል ማንበብ አሳዩአቸው። ያኔ የሚቀረው በፍላጎቱ ይቀራል፤ የሚሄደውም በሕይወት ይደርሳል።

የመኪና ጠጋኙ

ከሚኒያፖሊስ በ2011 የተመለስኩ ነኝ። ያን ጊዜ የነበረውን ስሜት ታስታውሳላችሁ። እኔም ለዲያስፖራው ትረስት ፈንድ በቀን አንድ ዶላር አዋጥቻለሁ። ጠቅልዬ መጣሁ፤ ጋራዥ ከፈትኩ። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ዕቃ ማስመጫ ዶላር ጠፋ። በ2014 መጨረሻ ልዘጋው ነበር።

በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ሲከለከል ሁሉም ተናደደ። እኔ ግን የኤሌክትሪክ መኪና መጠገን መማር ጀመርኩ። ዛሬ ሰባት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። ትልቁ 26 ዓመቱ ነው፤ ባትሪ ፈትቶ ሲገጥም ብታዩት እጁ አይንቀጠቀጥም። አገሩ እየተለወጠ ነው። ለውጡ የሚያፈርሰው አለ፤ የሚከፍተውም አለ። እህቴ፣ ሙያሽ እዚህም ይፈለጋል። ቤት ለቤት የአረጋውያን እንክብካቤ ብትጀምሪ ከፋይ አታጪም። ልጆቻቸው ውጭ ያሉ ስንት እናቶች አሉ!

ከሪያድ የተመለሰችው

ወንድሜ፣ ሥራህ ይባረክ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኪስህ ውስጥ ያለው የየት አገር ፓስፖርት ነው?

የመኪና ጠጋኙ

የአሜሪካ ነው። እዚህ የምኖረው በቢጫ ካርድ፣ በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። ገባኝ፤ ልክ ነሽ። እኔ ስከስር የምሄድበት አለኝ። እሷ የላትም። "ቆዪ" ስል የእኔና የእሷ መቆየት እኩል እንዳልሆነ ማሰብ ነበረብኝ። የእንክብካቤውን ሐሳብ ግን አልተውም። የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድማችን ሲልክ የነበረው ገንዘብ እንዲህ ላለ ነገር ቢውል እናቱን ሌሊት የምታይ ነርስ ትኖር ነበር።

የደሴው መምህር

ከሪያድ የተመለሰችው እህቴ፣ ተግሣጽሽን ተቀብያለሁ። እኔም ቆዪ እያልኩ የምኖረውን ልናገር። ከደሴ አዲስ አበባ በመኪና ለመሄድ ሦስቴ አስባለሁ። የእገታ ወሬ በሰማን ቁጥር ባለቤቴ ጉዞዬን ታስቀራለች። እኔ የምቀረው ስለተመቸኝ ሳይሆን ያ እጁን መልሶ ያወረደው ልጅ ከዓይኔ ስለማይጠፋ ነው። ነርሷን ግን ሄደች ብዬ አልወቅስም። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በክፍለ ጊዜዬ መጨረሻ የሥራ ውል እንዴት እንደሚነበብ አሳያቸዋለሁ። ናሙና ያላችሁ ላኩልኝ።

በሱዳን የወጣሁት

ልጆች፣ እኔ በ1975 በእግር የወጣሁ ነኝ። ገዳሪፍ ሁለት ዓመት ቆይቼ ነው ዋሽንግተን የገባሁት። ደርግ በ1983 ሲወድቅ እንመለሳለን አልን። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ነበሩ፤ ሳንመለስ ቀረን። ከአብሮ አደጎቼ የአምስቱን አስከሬን በመዋጮ አሳፍረን ልከናል።

ለነርሷ አንድ ነገር ልበል። እኛ እዚህ ስንመጣ ማንም አልነበረንም። የመጀመሪያው ሰው ሲሞት የምናውቀው ቄስ እንኳ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው ተሰብስበን እድር ያቋቋምነው። አባላቱ የጎንደር፣ የሐረር፣ የጅማ ሰዎች ነበርን፤ አንዱ የሌላውን ሰፈር አያውቅም። አንቺ እናትሽ አገሯ ላይ እንዳለች አድርገሽ ነው የምታስቢው። እናትሽም እንደኛ ተሰዳለች። ገላን ጉራ ለእሷ ባዕድ አገር ነው። የካዛንቺስ እድር ተመልሶ እንዲሰበሰብ ከጠበቃችሁ ትጎዳላችሁ። ከጎናችሁ ያሉትን ስማቸውን ታውቃላችሁ?

የካዛንችሷ ነርስ

ጋሼ፣ የጻፉትን ለእማዬ አነበብኩላት። ዝም አለች። ሲኒውን አጥባ እስክትጨርስ ምንም አላለችም። ከዚያ "የሰዎቹን ስም ማን ይመዘግብልኛል?" አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ከአንድ ዓመት በላይ ኖረን ከግራ ቀኛችን የማናቸውንም ስም አናውቅም ነበር። ትናንት ከሥራ መልስ መደዳውን 14 ቤት አንኳኳን። ዘጠኙ ከፈቱልን። ከፒያሳ የተነሱ አንድ እናት በሩን ሲከፍቱ እማዬን እጇን ይዘው አልለቅም አሉ። እሳቸውም ጀበናቸውን ከመጡ ወዲህ ከካርቶን አላወጡትም። አንድ አናጺ አግዳሚ ወንበር በነጻ እሠራለሁ አለ። ወርኃዊ መዋጮው ላይ አልተስማማንም፤ 100 ይሁን 150 የሚል ክርክር ተነስቶ መሸ።

የኤምባሲ ሰነዶቼን አስገባለሁ። ወስኛለሁ። የፒያሳዋ እናት የልጅ ልጅ ነርሲንግ ሦስተኛ ዓመት ናት። ማታ ማታ እማዬ ጋ ልታድር ፈቃደኛ ናት፤ እኔ የትምህርት ወጪዋን እሸፍናለሁ። ይህን የጻፍኩት ለሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድሜ ነው። ለመኪና ጠጋኙም፤ ያልከውን በአንድ ሰው ጀምሬዋለሁ።

የመጀመሪያው ስብሰባ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ቤት ነው። እማዬ ሁለት ደብተር ገዝታለች፤ አንዱ ለስም፣ አንዱ ለሒሳብ። የድሮውን ድንኳን ማን ያስመጣው የሚለው ገና አልተወሰነም። የጭነት መኪና ያለው ሰው ካለ ይጻፍልኝ።