የእናቴ መሶብና የእንግዳ ጠረጴዛ በአንድ ክፍል እንዴት ይስማሙልኝ?

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሸዋበር)

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችንና አብራን የምትኖረው እናቴ በአንድ ጣሪያ ሥር እንኖራለን። ከሳሎናችን ጎን ዕቃ ማስቀመጫ የነበረውን ክፍል አጽድተን የምግብ ክፍል ልናደርገው ተነሥተናል። ወርዱ 3 ሜትር ከ20፣ ርዝመቱ 4 ሜትር ከ10 ነው። ግድግዳው የጭቃ ምርጊት ሲሆን ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ያለው አንድ መስኮት ወደ ጦሳ ተራራ ስለሚያይ፣ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ክፍሉ ከሌላው ቤት ቀድሞ ይጨልማል፤ ይቀዘቅዛልም።

ያስቸገረኝ የሁላችንም ልማድ መለያየቱ ነው። እናቴ ከመሶቧ ተነሥታ ጠረጴዛ ላይ ብትቀርብ የበላች አይመስላትም። ባለቤቴ በበኩሉ ወንበር ይፈልጋል፤ ልጆቹም የቤት ሥራቸውን የሚሠሩበት ሌላ ቦታ የላቸውም። የባለቤቴ ቤተሰቦች ሙስሊሞች ስለሆኑ በረመዳን ለኢፍጣር፣ በእኛ ፋሲካና ገና ደግሞ ለምሳ፣ ከአሥር የማያንሱ እንግዶች ይመጡብናል። ባለፈው ዓመት በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ያሠራነው 1 ሜትር ከ80 በ90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ አለን፤ ከፍታው ግን 85 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ልጆቹ ትከሻቸውን ሰቅለው ነው የሚበሉበት። ገንዘባችንን ሁለተኛ እንዳናባክን ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ (አናጢ፣ ከኮምቦልቻ)

እህታችን፣ ጠረጴዛው የሚጣል አይደለም። 85 ሳንቲ ሜትር ቆሞ ለሚሠራ ሰው፣ ለማድ ቤት መክተፊያ የሚሆን ከፍታ ነው። ተቀምጦ ለሚበላ ሰው 75 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ የወንበሩ መቀመጫ ደግሞ ከወለሉ 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ክንድ ሳይሰቀል እጅ ከሳህኑ ይደርሳል። ስለዚህ አራቱንም እግሮች ከሥር 10 ሳንቲ ሜትር ያስቆርጡ። ከማስቆረጥዎ በፊት ግን ከጠረጴዛው ገጽ ሥር ዙሪያውን የሚያያይዘውን ጣውላ ይለኩት፤ ወደ ታች ብዙ የወረደ ከሆነ፣ ጠረጴዛው ሲያጥር የአዋቂ ጭን ይነካልና ጣውላውንም ማሳጠር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ክፍሉ ልግባ። ለአንድ ተመጋቢ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድ ያስፈልገዋል፤ ወንበር ስቦ ለመነሣትና ከኋላ ሰው ለማሳለፍ ደግሞ 90 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። ጠረጴዛውን በረጅም ጎኑ ከረጅሙ ግድግዳ ጋር ቢያስጠጉት፣ በፊት ለፊቱ ሦስት፣ በሁለቱ ጫፎች አንድ አንድ ሰው ይቀመጣል፤ ይኸውም ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆቹ ልክ ነው። ጠረጴዛው 90፣ የወንበሩ መሳቢያ 90 ሲወስድ፣ ከወርዱ 1 ሜትር ከ40 በክፍሉ ርዝመት ሙሉ ነጻ ይቀራል። የእናታችን መሶብ በዚህ ውስጥ፣ በመስኮቱ ማዕዘን ቢሆን ጥሩ ብርሃን ያገኛል። ለምሳ እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛው ወደ መሐል ተስቦ ስምንት ሰው ያስቀምጣል።

ወንበር የሚያሠሩ ከሆነ በሚገባ የደረቀ ዋንዛ ይምረጡ። እርጥብ ባሕር ዛፍ በርካሽ ቢገኝም ሲደርቅ ይጣመማል፤ መገጣጠሚያውም ይላቀቃል። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ተቻኩዬ ያስረከብኳቸው አራት ወንበሮች በዓመታቸው ተመልሰውብኛል።

መልስ (ከሐይቅ)

አብሽሪ እህቴ። የወንድማችን ልኬት ትክክል ነው፤ እኔ ግን ከጠረጴዛው በፊት ከእናትሽ እንድትጀምሪ እወዳለሁ። ለመሶብ የሚሠራው ዱካ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቱ የደከመ ሰው ከእሱ ሲነሣ ይቸገራል። የእኔ እናት መሶቡን ይዛ ስትነሣ ሁለት ጊዜ ከወደቀች በኋላ፣ መደገፊያና የክንድ ማረፊያ ያለው፣ ከዱካ ከፍ ከወንበር ዝቅ ያለ መቀመጫ አሠራንላት፤ መሶቡንም በዚያው መጠን ከፍ እንዲል ከሥሩ ጠንካራ የእንጨት ማስቀመጫ አደረግንለት። አሁን ያለ ማንም እርዳታ ትነሣለች።

መሶቡን ራሱንም አደራ። ስንደዶና አክርማ እርጥበት ይጠላሉ፤ ከጭቃ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ከከረመ ከሥሩ ይሻግታል። ለጌጥ ብለሽ ሰፌድና ሌማት በግድግዳው ላይ ከሰቀልሽም፣ አየር እንዲገባ ከኋላቸው ቀጭን ጣውላ አድርጊ፤ ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታበት ቦታም አርቂያቸው፤ ቀይና ሐምራዊው ቀለም ቶሎ ይገረጣል። እኔ ሦስት ሰፌድ ብቻ፣ ትልቁን ከመሐል፣ ሰቅዬ ሌላውን ግድግዳ ባዶ ትቼዋለሁ፤ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል።

ለኢፍጣር ጠረጴዛውን ወደ መሐል አታውጪው። ወለሉ ላይ ሰሌን፣ በላዩ ስጋጃ አንጥፊ፤ እንግዶቹ ትሪውን ከብበው ይቀመጡ፤ ጠረጴዛው የሾርባው፣ የሳምቡሳውና የተምሩ ማቅረቢያ ይሁን። ቡፌ ካሠራሽ ደግሞ በሁለት በር የተለየ አድርጊው። በአገራችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጋብቶ የሚኖር እንደ መሆኑ፣ የእንግዳውን ሳህንና ድስት ለይቶ ማስቀመጥ የአክብሮት ነገር ነው፤ አማቶችሽም ሳይጠይቁ ልባቸው ያርፋል።

መልስ (ቀለም ቀቢ፣ ከወልድያ)

በጭቃ ምርጊት ላይ የዘይት ቀለም እንዳታስቀቡ አጥብቄ እመክራለሁ። የዘይት ቀለም የግድግዳውን እርጥበት አምቆ ስለሚይዝ፣ ከጊዜ በኋላ ያብጥና እንደ ቅርፊት ይላጣል። ኖራ ግን ግድግዳው እንዲተነፍስ ይፈቅዳል። ጊዜውንም ምረጡ፤ በወሎ ከክረምቱ ሌላ በልግም ስለሚዘንብ፣ ምርጊቱ በሚገባ የሚደርቀው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ክፍሉ ቀዝቃዛና ጨለማ ስለሆነ ሰማያዊና ግራጫ አይስማማውም፤ ከታች እስከ ወገብ የሸክላ መልክ፣ ከዚያ በላይ የቅቤ መልክ ቢሆን ሙቀት ይሰጣል።

አምፖሉ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን (የብርሃን መልክ መለኪያ) ያለው ቢጫማ ብርሃን ይሁን፤ ነጩ ብርሃን የወጡን ቀለም ያደበዝዘዋል። የሚንጠለጠል መብራት አብዛኛውን ጊዜ ከጠረጴዛው ገጽ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል። የእርስዎ ጠረጴዛ ግን ቦታ ስለሚለውጥ፣ ሲነሣ መብራቱ የሰው ግንባር ላይ ይቀራልና ለእርስዎ የኮርኒስ መብራት ይሻላል።

መልስ (ከኮምቦልቻ፣ በኪራይ ቤት)

እኛ አዲስ ተጋቢዎች ስለሆንን ያለን አንድ ክፍል ብቻ ነው። ግድግዳ መብሳት አልተፈቀደልንምና ታጣፊ ጠረጴዛ ገዝተን፣ ስንበላ እንዘረጋዋለን፤ ቡና ሲፈላ አጥፈነው ረከቦቱ በቦታው ይቀርባል። ከተማችን ከደሴ ይልቅ ሞቃት በመሆኑ ምንጣፍ አላስፈለገንም፤ ስስ የጥጥ መጋረጃ ይበቃናል። ለደሴ ብርድ ግን ወፍራም መጋረጃ ሳያስፈልግዎ አይቀርም።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ አላህ ይስጥልኝ። የጠረጴዛው እግር ቅዳሜ ተቆረጠ፤ ጣውላው አላስቸገረም፤ ትንሹ ልጄም ክርኑን አሳርፎ ጽፎበታል። ቀለሙን እስከ ጥቅምት አቆይተነዋል። ስለ መሶቡ ቦታ እናቴን ስጠይቃት የመስኮቱን ማዕዘን አልወደደችውም፤ ከበሩ ትይዩ ያለውን ጎን መረጠች። ምክንያቷን ብጠይቃት፣ እዚያ ከተቀመጠች በበሩ የሚገባውን ሰው ከወንበሯ ሳትነሣ አይታ «እንብላ» ልትለው እንደምትችል ነገረችኝ። መሶቡን በዚያው አኑረነዋል።