መንግሥትን ሳይደግፉ ወታደር መሆን፦ እምቢ ማለት የሚቻለው የት ላይ ነው?

አንገረብ (ጠያቂ)
እንዴት ዋላችሁ። የእህቴ ልጅ 12ኛን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ መከላከያ ለመግባት ተመዝግቧል። መንግሥትን እንደማይደግፍ ቤተሰቡም ሰፈሩም ያውቃል፤ «ሀገር ሌላ፣ መንግሥት ሌላ» ይላል። እናቱ እንቅልፍ አጥታለች። ፖለቲካውን ለሌላ ቀን አቆዩልኝና ሕጉንና አሠራሩን ንገሩኝ። አቋሙ በራሱ ያስጠይቀዋል? ኅሊናው የማይቀበለውን ቢታዘዝስ? ገብቶ ሐሳቡን ቢቀይር መውጫው በየት ነው? ጎንደር ስለሆንን መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት እንደሚውል ታውቃላችሁ፤ ፈቃድ መጥቶ መመለስ ቢያቅተው የሚለውም ያሳስበናል።

ችሎት
ጋሼ፣ አቋም በራሱ አያስጠይቅም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 ሠራዊቱ ምንጊዜም ለሕገ መንግሥቱ ተገዢ እንዲሆን፣ ሥራውንም ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ እንዲያከናውን ያዛል። የምርጫና የፓርቲዎች አዋጁም (1162/2011) የሠራዊት አባል ከሥራው ሳይለቅ የፓርቲ አባል እንዲሆን አይፈቅድም። ክልከላው ለገዢውም ለተቃዋሚውም እኩል ነው። ድምፅ መስጠት ግን ይችላል፤ ካምፕ ላሉ ልዩ ምርጫ ጣቢያ ይከፈታል።

ልጆቹን የሚያስጠይቃቸው ብዙ ጊዜ ሐሳባቸው ሳይሆን ስልካቸው ነው። ዩኒፎርም ለብሶ የተነሣው ፎቶ ከጀርባው የመኪና ታርጋ፣ የክፍሉን ምልክት ወይም የምሽጉን አቅጣጫ ካሳየ ጉዳዩ ወታደራዊ ምስጢር ማውጣት ይሆናል። ቴሌግራም ላይ «ዛሬ ወደ እገሌ ቦታ ልንንቀሳቀስ ነው» ብሎ ለጓደኛ መጻፍም ያው ነው። ከመግባቱ በፊት የለጠፈውን ይመልከት፤ ከገባ በኋላ ደግሞ ስለ ክፍሉ አንድም መስመር አይጻፍ።

ሻምበል ጡረታ
ዋናው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰውም የሚደናገረው እዚሁ ላይ ነው። ዘመቻን አለመቀበልና ወንጀል የሆነ ትእዛዝን አለመቀበል በሕግ ፊት ለየቅል ናቸው።

«በገዛ ወገኔ ላይ አልዘምትም» የሚል ምክንያት ሥርዓቱ አይቀበለውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51(14) ክልሉ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ሲጠይቅ የፌዴራል መንግሥት ሠራዊት እንዲያሰማራ ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 87(3) ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚሰጠውን ተግባር እንዲወጣ ያዛል። በ2015 መጨረሻ አማራ ክልል ላይ የታወጀውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አንቀጽ 18 በኅሊናቸው ምክንያት መሣሪያ የማይዙ ሰዎች ስለሚሰጡት ምትክ አገልግሎት ቢጠቅስም፣ የሚናገረው ውትድርና ግዴታ ሲሆን ነው። የደርጉ ብሔራዊ ውትድርና ዓይነት ግዴታ ዛሬ በሕግ የለም፤ ወዶ የፈረመ ሰው በዚያ አንቀጽ አይከለልም። ልጁ የማይዋጥለት ዘመቻው ራሱ ከሆነ፣ የሚወስነው ከመፈረሙ በፊት ነው።

ወንጀል የሆነ ትእዛዝ ሌላ ነገር ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 74 ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታች በኃላፊነት እንደሚጠየቅ ይናገራል፤ ግድያን፣ ቃጠሎን፣ በሰው ላይ የሚደርስ ከባድ ወንጀልን በምሳሌነት ይጠቅሳል። የዲሲፕሊኑ ጥብቅነት ቅጣት ሊያስቀንስለት፣ ሌላ አማራጭ ፈጽሞ ካልነበረውም ሊያስቀርለት ይችላል፤ ያ ግን በዳኛው ፈቃድ እንጂ በመብት አይደለም። በሲቪሎች ላይ የሚፈጸም የጦር ወንጀል አንቀጽ 270 ነው፤ ከ5 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ሲከብድም ዕድሜ ልክ ወይም ሞት።

በተግባር እንየው። «ቤቱን ፈትሽ» ሕጋዊ ትእዛዝ ነው፤ ይፈትሻል። «ታጣቂዎቹን አብልተዋልና አውድማው ላይ ያለውን ክምር አቃጥል» ሕጋዊ አይደለም። አስቸጋሪው የተድበሰበሰው ነው፦ እስረኛ ተይዞ አለቃው «ገላግሉኝ» ሲል። እዚህ ላይ ትእዛዝን መልሶ መድገም የወታደር ደንብ መሆኑ ይጠቅማል። «ትእዛዙን ልድገም፦ እስረኛውን ወደ ሻምበሉ ማዘዣ ጣቢያ አደርሳለሁ» ይላል፣ ሌሎች እየሰሙ፣ ድምፁን ሳያሳንስ። እምቢ አላለም፤ ሕጋዊውን ትርጉም ነው የወሰደው። አለቃው ግልጽ አድርጎ ግደል ካለ ደግሞ ቃሉ አጭር ይሁን፦ «ይህን አልፈጽምም፤ ሌላ ግዳጅ ስጡኝ»። መሣሪያ አይወርውር፣ ቦታውን አይልቀቅ፣ አይሳደብ፣ ጓደኞቹን አያስተባብር። ሦስት ወታደር ተሰብስቦ በአንድ ድምፅ እምቢ ሲል አድማ የሚል ክስ ይከተላል፣ ያኔ የትእዛዙ ይዘት ይረሳል። በኋላ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ያዘዘውንና የሰማውን ሰው ይጻፍና ከአለቃው በላይ ላለው አዛዥ ወይም ለወታደራዊ ዐቃቤ ሕግ ያመልክት።

ቀሃ
ሻምበል፣ ሲነበብ ያምራል። ግን ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ። በደርግ ጊዜ የናደው ዕዝ አዛዥ የነበረው ጄኔራል ታሪኩ አይኔ በ1980 ከበላይ ጋር ተከራክሮ ምን ሆነ? ተረሸነ። የግንቦት 1981ዶቹ ጄኔራሎችስ? ጄኔራል ያልዳነበትን ተራ ወታደር «ልድገም» ብሎ ይድናል? ምሽግ ውስጥ ዐቃቤ ሕግ የለም።

ሻምበል ጡረታ
አደጋ የለውም አላልኩም። ግን የግንቦቱ ሙከራ መንግሥት መገልበጥ ነበር፤ ከእስረኛ ጉዳይ ጋር አይቀላቀል። ደግሞ የታዘዘውን መፈጸምም ዋስትና አይደለም። ከ1987 እስከ 1999 የዘለቀውን የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት አስታውስ፤ ጎንደርን ያስጨነቀው መላኩ ተፈራም ፍርድ ቤት ቀርቧል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ያለፍርድ መግደልን፣ አስገድዶ መሰወርን፣ ኢሰብአዊ ድብደባን በይርጋ (ጊዜው አልፏል ብሎ) አያግድም፣ በምሕረትም በይቅርታም አያሳልፍም። አዛዡ በሰላም ጡረታ ወጥቶ፣ የበታቹ ከሃያ ዓመት በኋላ ሊፈለግ ይችላል።

ደንበጫ በር
እኔ ስለ መውጫው። በመጀመሪያ ውሉን ይዘው ቁጭ ይበሉና ያንብቡት፦ ስንት ዓመት ነው? የሥልጠናው ጊዜ ይቆጠራል? አቋርጦ ቢወጣ የሚከፍለው አለ? የትምህርት ማስረጃውን ኦሪጅናል ቤት ያስቀር፣ ኮፒውን ይስጥ። የተደበቀ የጆሮ ወይም የወገብ ሕመም ካለው በምርመራው ቀን ይናገር፤ በኋላ «ስትገባ ነበረብህ» ይባላል።

ከገባ በኋላ ሕጋዊው በር ጠባብ ነው፦ ውሉን ጨርሶ መሰናበት፣ የሕክምና ቦርድ ውሳኔ፣ ወይም በጽሑፍ አመልክቶ በዕዝ ሰንሰለቱ ማስወሰን። ማመልከቻው ላይ የቤተሰብ ችግሩን ይጻፍ እንጂ የፖለቲካ ትንታኔ አያስገባ፤ ቀን ያለበት ቅጂ እጁ ላይ ይቅር።

ጠፍቶ መቅረት ኩብለላ ነው፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 288። በጦርነት ጊዜ ቅጣቱ እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል። ኩብለላን ከተራ መቅረት የሚለየው ከአገልግሎት የማምለጥ ሐሳቡ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ ሳያልቅ መንገድ ከተዘጋበት ቤት አይቀመጥ። የዚያኑ ቀን ለአለቃው ይደውል፣ አዘዞ ካምፕ ሄዶ ሪፖርት ያድርግ፣ መቅረቡን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይጠይቅ። ታሞ ከሆነም ቀንና ማኅተም ያለው የሆስፒታል ማስረጃ ይያዝ። የመናኸሪያ ሰው «መንገድ ተዘግቶ ነበር» ብሎ ስለመሰከረለት ብቻ አይተማመን።

አንገረብ
እግዚአብሔር ይስጥልን። ውሉን ሳይፈርም እንዲያሳየን ነግሬዋለሁ። ቅጹ ላይ የቅርብ ተጠሪ የሚለው ላይ እናቱን ያስገባ ወይስ እኔን?

ደንበጫ በር
እናቱን፣ ሚስት እስኪያገባ። ስሟን በመታወቂያዋ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ያስጽፍ፤ አንዱ ላይ «ፀሐይ» ሌላው ላይ «ጸሐይ» ከሆነ ክፉ ቀን ቢመጣ ማስረጃ ለማስተካከል ፍርድ ቤት ልትመላለስ ነው። የእርስዎን ስልክ በሁለተኛ ተጠሪነት ያስመዝግብ።