የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ፦ የውሃ መቁረጫ ፓምፖች የሲል አቅርቦትና ጥገና

ሰብሳቢ
ጤና ይስጥልን። ረቂቁ ብረትና ዕብነ በረድ በከፍተኛ ግፊት ውሃ ለሚቆርጡት ማሽኖቻችን ፓምፖች ነው። ትልቁ ገንዘብ የተያዘው ለአንቀጽ 1 ነው፦ የሃይ ፕሬዠር ሲል (ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃ እንዳያፈስ የሚይዝ ማሸጊያ ቀለበት) በጋራ ማስመጣት። አንቀጽ 2 የጋራ ጥገና ክፍል፣ አንቀጽ 3 ሥልጠና ነው። ማሻሻያ ያላችሁ እስከ ዓርብ ጻፉ። ለቦርድ ስለሚሄድ ቁጥር ያለው ሐሳብ ይሁን።

አቃቂ፣ ጥገና
የአንቀጽ 1 ስሌት አልተዋጠልኝም። በ4,000 ባር ግፊት የሚሠራ ኢንቴንሲፋየር (በግራና በቀኝ ባሉት ዘንጎቹ፣ በፕለንጀሮቹ፣ ውሃውን እየተፈራረቀ የሚገፋ ፓምፕ) ላይ ሲል ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ከቆየ ደህና ነው። በወር 200 ሰዓት የሚሠራ ማሽን በዓመት 2,400 ሰዓት ይሠራል። ዝቅተኛውን 500 ብንይዝ እንኳ 5 ቅየራ ነው፤ ሁለቱ ጎን ሲደመር 10 ሲል። ረቂቁ በዓመት በማሽን 30 ይላል። 30 የሚፈጅ ማሽን በየ160 ሰዓቱ ሲል እየጨረሰ ነው፤ ለእሱ ሲል መጨመር ሳይሆን ምክንያቱን መፈለግ ነው የሚበጀው።

ደግሞም «ሲል» ብሎ ብቻ ማዘዝ አይቻልም። ስብስቡ የፖሊኢትሊን ቀለበቱ፣ ኦሪንጉና የነሐስ ባክአፕ ሪንጉ (ከኋላ የሚደግፈው ቀለበት) ነው። ሲሊንደሩ በየምቱ፣ ማለትም ፕለንጀሩ በገፋ ቁጥር፣ በጥቂቱ ይሰፋል፣ ይመለሳል። ያን ክፍተት የሚይዘው ባክአፑ ነው፤ ካረጀ ፕላስቲኩ ወደ ኋላ ተገፍቶ ጠርዙ ይበላል። ስለዚህ በሙሉ ስብስብ፣ በፓምፕ ሞዴልና በፕለንጀር ዲያሜትር ተለይቶ ይታዘዝ።

ገላን፣ ዕብነ በረድ
ባለው ላይ ልጨምር። ገሚሱ ቅየራ እኮ ያላግባብ ነው፤ ጥፋቱ የቼክ ቫልቩ (ውሃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ) ሆኖ ሲል ይቀየራል። ከመፈታቱ በፊት የግራውና የቀኙ ምት እያንዳንዱ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ መለካት ግዴታ ይሁን። እኩል ከሆኑ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ግራው ሲገፋ ምቱ ከፈጠነ ተጠርጣሪው የግራው ሲል ወይም የግራው መግቢያ ቼክ ቫልቭ ነው። ከማስጠንቀቂያ ቀዳዳው (ሲል ሲያፈስ ውሃው እንዲታይ ከተተወው) ውሃ የሚወጣ ከሆነ ሲሉ፣ ቀዳዳው ደርቆ የመግቢያው ቱቦ ከሞቀ ቫልቩ። የግራው መውጫ ቼክ ቫልቭ ሲያፈስ ግን የሚፈጥነው የቀኙ ምት ነው፤ ቀኙ የገፋው ውሃ ተመልሶ ወደ ግራ ይገባልና። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህች ላይ ነው፤ ጤነኛውን ጎን ይፈታል። ሙቀቱ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይለካ፣ በእጅ አይዳሰስ።

የውሃ ባለሙያ
ወንድሞቼ፣ ውሃው በረቂቁ ውስጥ አንድም ቦታ አልተነሣም። አዲስ አበባ ላይ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣውና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ አንድ አይደለም፤ የጉድጓዱ ማዕድን ይበዛበታል። ቧንቧ ሲጠፋ በቦቴ የሚገዛው ከየት እንደተቀዳ የሚያውቅ የለም። ወደ ስምጥ ሸለቆ ስትወርዱ ሲሊካውም (በውሃው የሟሟ የአሸዋ ማዕድን) ከፍ ይላል። ሲሊካ ፕለንጀር ላይ ሲጋገር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ሲሉን ይፍቀዋል፤ ተራ የውሃ ማለስለሻ ደግሞ ካልሲየምን እንጂ ሲሊካን አያነሣም። መልሱ አርኦ (ውሃን በግፊት በስስ ወንፊት አሳልፎ ማዕድኑን የሚያስቀር ማጣሪያ) ነው፤ ግን ከልክ በላይ የጠራ ውሃም ብረት ስለሚበላ ቲዲኤሱ (በውሃው የሟሟው ነገር ጠቅላላ መጠን) አምራቹ ከሰጠው ዝቅተኛ ልክ በታች እንዳይወርድ መቀላቀያ ቫልቭ ይኑረው።

ሌላው ሮቶ ነው። ጣሪያ ላይ በፀሐይ የሚውል ሮቶ ሞቃት ውሃ ይሰጣል፣ በራሱ ቁልቁለት ብቻ ሲወርድም ግፊቱ አይበቃም። ከፊልትሮው በፊትና በኋላ የግፊት ጌጅ ይተከል። ልዩነቱ ሲሰፋ ፊልትሮው ተደፍኗል ማለት ነው፤ ፓምፑ ውሃ ሲጠማው መጀመሪያ የሚቃጠለው ሲሉ ነው። ለሮቶው ጥላ የሚሆን ላስቲክ መወጠር እንኳ ወጪ የለውም፣ እሱም ይጻፍ።

ዱከም፣ ብረት
የውሃ ባለሙያዋን የእህቴን ሐሳብ እደግፋለሁ። የጥገናው ክፍልም ከመቁረጫው ጠረጴዛ በግድግዳ ይለይ። ጋርኔት (ለመቁረጥ ከውሃው ጋር የሚረጨው ጠንካራ አሸዋ) በእጅና በልብስ ይገባል፤ አንዲት ፍሬ ሲል ሥር ከቀረች ፕለንጀሩን በቁመቱ ትጭራለች። የሲል ቅየራው ቅደም ተከተል በአባሪ እንዲህ ይግባ፦

ሞተር ይጠፋል፣ ብሬከሩ በቁልፍ ይቆለፋል። ውሃ ይዘጋል፣ ግፊቱ በማስተንፈሻው ቫልቭ ይለቀቃል፤ ጌጁ ዜሮ ሳይል ቺያቬ አይነሣም። መብራት ድንገት ሲጠፋ ሞተሩ ቢቆምም በአቴኑዌተሩ (የውሃውን ግፊት መዋዠቅ በሚያረጋጋው ጋን) ውስጥ ግፊት ሊቀር ስለሚችል ይህ በተለይ ይሰመርበት። ሲሊንደሩ ሲወጣ ከሥሩ ድጋፍ ይደረግለት፤ የሴራሚክ ፕለንጀር በትንሽ ምት ይሰነጠቃል። አሮጌው ሲል በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ይወጣል፤ ካቻቪቴ የነካው መቀመጫ ለአዲሱም አይሆንም። የሲሊንደሩ ውስጥ በመብራት ይታያል፣ ፕለንጀሩ በጥፍር ይዳሰሳል፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ሲል መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ቀላል እድፍ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እየተዟዟረ ይጠራል፣ ከዚያ ክር በማይጥል ጨርቅ በአልኮል ይታጠባል። ለሲሉ አምራቹ ያዘዘው ንጹሕ ግራሶ፣ ለሚጠብቀው ጥርስ ፀረ መጣበቂያ ቅባት፤ ሁለቱ አይቀላቀሉ። ከተገጠመ በኋላ አየሩ ያለ ግፊት ይውጣ፣ ለ10 ደቂቃ በዝቅተኛ ግፊት ይሥራ፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ይጨመር። በቀጥታ 4,000 ባር ላይ ማስነሣት አዲስ ሲል ቦታውን ሳይዝ ይገድለዋል።

ገላን፣ ዕብነ በረድ
አንዱ ጎን ሲያፈስ ሁለቱም ይቀየሩ የሚል ሐረግ ይጨመርልኝ። ሁለት ጊዜ ማሽን ከማቆም ይሻላል።

አቃቂ፣ ጥገና
አልስማማም ወንድሜ። ደህና የተቀመጠን ሲል መክፈት በራሱ ቆሻሻ ማስገባት ነው። በሰዓት እንወስን፦ ደህናው ጎን የተለመደ ዕድሜውን ከግማሽ በላይ ከሠራ አብሮ ይቀየር፣ ካልሆነ አይነካ። ለዚህ ግን የሰዓት መዝገብ ያስፈልጋል። አሮጌው ሲልም አይጣል፤ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር በላስቲክ ይቀመጥ። የጠቆረ ከሆነ ሙቀት፣ በቁመቱ የተጫረ ከሆነ ቆሻሻ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ያለቀ ከሆነ የፕለንጀሩ መስመር ወጥቷል።

ገላን፣ ዕብነ በረድ
በግማሽ ዕድሜው ደንብ እስማማለሁ።

መርካቶ፣ ቶርኖ
ዶላር እየጠበቅን ከምንቆም እዚሁ ብንቀርጸውስ?

ዱከም፣ ብረት
ፕላስቲኩን መሞከር ይቻላል። ሲቀረጽ ስለሚሞቅ ይሰፋል፤ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ተለክቶ ነው የሚጨረሰው። ባክአፑ ግን በመቶኛ ሚሊሜትር የሚቆጠር ልክ ነው፣ እሱን አሁን አናስገባ። ሙከራውም ገንዘብ በተያዘለት አንድ ማሽን ላይ ብቻ፣ ከዋናው በጀት ውጭ ይሁን።

ሰብሳቢ
ተቀብያለሁ። አንቀጽ 1 በማሽን 10 ሙሉ ስብስብና 2 የቼክ ቫልቭ ጥገና ኪት፣ በሁለት ዙር ይታዘዛል፤ ኦሪንግ ቆይቶ ስለሚደርቅ በአንድ ጊዜ አይከማችም። የተረፈው ወደ አዲሱ አንቀጽ 2፣ ወደ ውሃ ማጣሪያውና ጌጆቹ ይዛወራል። የጥገና ክፍሉ 3፣ ሥልጠናው 4 ይሆናል። የፕለንጀር ዲያሜትራችሁን ያልላካችሁ ከነፓምፑ ሞዴል ላኩ፤ በግምት አላዝም።

የውሃ ባለሙያ
ከሥልጠናው ፊት አንድ መስመር ይግባ፦ በሃይ ፕሬዠር ውሃ ቆዳው የተበሳ ሰው ቀዳዳው የመርፌ ያህል ቢሆን፣ ባያመውም እንኳ፣ በፋሻ ታስሮ ሥራ አይመለስም። ውሃው በጅማቱ ሥር ርቆ ስለሚገባ በዚያው ሰዓት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይወሰድ፤ ግፊቱ ስንት እንደነበር የሚገልጽ ካርድም ይያዝለት።

ሰብሳቢ
ገብቷል። ካርዱን እርስዎ ቢያዘጋጁልን፣ ከፓምፑ ጎን ይለጠፋል።