ላፕቶፔ ተሰርቆ ካርታ ላይ እየታየኝ ነው ቶሎ መልሱልኝ!!

ቤቲና (ሰኔ 3፣ ማታ 1:12)
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ ላፕቶፔ ዛሬ ተሰረቀብኝ፣ አሁን በስልኬ ፋይንድ ማይ ዲቫይስ ከፍቼ ሳየው ሳሪስ አካባቢ ያሳየኛል ከ20 ደቂቃ በፊት ይላል። ካርታው ላይ ባለው ክብ ውስጥ ቤቶች አሉ አንድ ጂ+4 ህንፃም አለ። ወንድሜ አሁኑኑ ታክሲ ጠርተን እንሂድ እያለኝ ነው እናንተ ብትሆኑ ትሄዳላችሁ? ሎክ የሚልም አለው ልንካው አልንካው?? ቴሲሴ እሱ ውስጥ ነው ዲፌንስ ሰኔ 12 ነው እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምፅፈው

ኪያ መገናኛ
ሎክ አርጊው

ሚኪ ጥገና
ቆይ ተረጋጊ። ምን ላፕቶፕ ነው? ዊንዶውስ ነው ማክ? ፒን ነበረው? ሲወሰድ በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ? ይሄን ሳትነግሪን እንዴት እንርዳሽ

ጋሽ ደርቤ
ልጄ አይዞሽ። ግን ብትቆጡም እናገራለሁ። በኛ ጊዜ መመረቂያ ፅሁፍ በታይፕ ሲመታ መሀሉ ካርቦን ይገባና ሁለት ሶስት ኮፒ ይወጣ ነበር፣ አንዱ ቤት አንዱ ዘመድ ጋ ይቀመጣል። ዛሬ ስንት ሺህ ብር የወጣበትን እቃ ካፌ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ እጅ ልትታጠቡ ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ ሌባው ላይ ትፈርዳላችሁ። ጥንቃቄ የሚባል ነገር ጠፍቷል።

ቤቲና
ጋሼ ይቅርታ ካፌ አይደለም እርስዎ ደግሞ፣ ሚኒባስ ውስጥ ነው ከሜክሲኮ ስመጣ። ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጃኬት ታቅፎ ነበር ረዳቱም ተጠጉ ተጠጉ እያለ ያጨናንቀናል፣ ወርጄ ስራመድ ቦርሳው ቀለለኝ ሳየው ዚፑ ተከፍቷል። ኤችፒ ነው ዊንዶውስ 11፣ ፒን አለው፣ ክዳኑን ብቻ ነው የዘጋሁት ሸት ዳውን አላረግኩትም

ሶል
ታዲያ እዛ ህንፃ ሄደሽ ምን ልትዪ ነው? በር በር እያንኳኳሽ ላፕቶፔን አምጡ? የያዘው ሰው ራሱ ሌባው ላይሆን ይችላል እኮ ገዝቶት ይሆናል፣ ጭራሽ እዛ ህንፃ ውስጥም ላይሆን ይችላል። ቤት ሙሉ ሰው ወጥቶ ሌባ ብላ ስም አጠፋች ቢሉሽስ

ናኒ
ሌባው ቴሲሱን ጨርሶ ራሱ ዲፌንድ ቢያደርግስ 😂 ቻፕተር 4ን ለሱ ተዪለት

ሚኪ ጥገና
ሶል ልክ ነው። ቤቲና ስሚኝ፣ አብዛኛው ላፕቶፕ ጂፒኤስ የለውም። ቦታውን የሚገምተው ዙሪያውን ያሉ ዋይፋዮችን አይቶ ማይክሮሶፍት ከያዘው ዝርዝር ጋር በማመሳሰል ነው፣ ያንን ካጣ በአይፒ (በኢንተርኔት አድራሻ ቁጥሩ) ነው፣ በአይፒ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ከማለት ብዙም አያልፍም። ክቡ ትንሽ ከሆነ ዋይፋይ ነው ሰፊ ከሆነ እርሺው። ትንሽም ቢሆን አትመኚው፣ የኔ ሱቅ ራውተር ከአያት ያመጣሁት ነው ሁለት ወር ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ አያት ነው እያለ ነበር። ራውተሩ ሲዛወር ካርታው ቶሎ አይሰማም።
ኦንላይን የመጣው ደግሞ ፒንሽን ሰብረውት አይደለም አትደንግጪ፣ መግቢያው ላይ ከታች ጥግ ካለችው ምልክት ማንም ሰው ከስልኩ ሆትስፖት ጋር ሊያገናኘው ይችላል።
አሁኑኑ ካርታውን ከነሰአቱ ስክሪንሾት አንሺ። ሪሙቭ የሚለውን በምንም አይነት እንዳትነኪ፣ ከአካውንትሽ ከወጣ ካርታውንም ታጪዋለሽ።

ሳይበር ኪንግ
እህቴ በአይፒ አድሬስ የያዘውን ሰው ስልክ ቁጥር ድረስ አወጣልሻለሁ 3,000 ብር ብቻ፣ ግማሹ ቅድሚያ በቴሌብር። ኢንቦክስ

ናኒ
እንዳትልኪ!!! ይሄ ሁለተኛው ሌባ ነው። አንድ አይፒ ላይ ስንት የሞባይል ዳታ ተጠቃሚ በአንዴ እንደሚያልፍ ያውቃል? ማን እንደነበረ ሊያውቅ የሚችለው ቴሌኮሙ ብቻ ነው እሱም ትክክለኛ ሰአቱ ተይዞ ፖሊስ በህጋዊ መንገድ ሲጠይቅ

አቡሽ
ለምን ቴሌ ሄደሽ በአይኤምኢአይ (በመለያ ቁጥሩ) አታዘጊውም ስልክ እንደዛ ነው

ሚኪ ጥገና
ወንድሜ ሲም የማይገባበት ላፕቶፕ አይኤምኢአይ ምን ያደርግለታል የለውም። ማክ አድሬስም (የዋይፋይ ካርዱ መለያ ቁጥር) እንዳትሉኝ፣ እሱ ከተገናኘበት ዋይፋይ አያልፍም።

ኪያ መገናኛ
ሎክ አርጊው እያልኩ ነው

ዮኒ
ሎክ አታርጊው!! ካወቁ ወዲያው ፎርማት ነው የሚያደርጉት፣ እንዳላወቀ ሆነሽ ተከታተዪው

ሚኪ ጥገና
ዮኒ ፒን ያለው ላፕቶፕ ለማንኛውም ፎርማት ነው የሚጠብቀው፣ ዛሬ ማታ ወይ ነገ። ከተፎረመተ ደግሞ ፋይንድ ማይ ዲቫይስ አለቀለት፣ አዲሱ ሰውዬ በራሱ አካውንት ይገባል። ስለዚህ ስክሪንሾቱን ካነሳሽ በኋላ ሎክ አድርጊ፣ ሎክ ስታደርጊ መልእክት መፃፊያ አለው እዛ ላይ ስልክ ቁጥር ፃፊ። የወንድምሽን ይሻላል። አንዳንዴ የገዛው ሰው ወይ ጠጋኙ አይቶ ይደውላል፣ እኔም አንድ ሁለቴ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ መጥቶልኝ ለባለቤቱ ደውያለሁ።

ህግ ተማሪ
የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛ በወንጀል ህጉ አንቀፅ 682 ይጠየቃል። አንቺ ግን ሰው ቤት ገብተሽ መፈተሽ አትችዪም ፖሊስም የብርበራ ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ማስረጃሽ ካርታው ሳይሆን ሲሪያል ቁጥሩ ነው፣ ካርቶኑ ላይ አለ፣ ደረሰኝ ካለሽ እሱንም ይዘሽ ዛሬውኑ ጣቢያ ሄደሽ ቃልሽን ስጪ። ካርቶን ጣልኩት እንዳትዪኝ

ቤቲና
ካርቶኑን እማዬ የሽሮ እቃ አድርጋዋለች 😭 ግን ተለጣፊው አለ አሁን ፎቶ አነሳሁት

ጋሽ ደርቤ
እናትሽ ይባረኩ። እቃ የሚይዝ ሰው እንዲህ ነው።

ሊሊ
ማክ ብትገዢ ኖሮ ይሄ ሁሉ የለም፣ ኢንተርኔት ባይኖረው እንኳ በአካባቢው ባለፈ አይፎን በብሉቱዝ ይታያል፣ አዲሶቹ ቢፎረመቱም ያላንቺ አካውንት አይከፈቱም

ናኒ
ሊሊዬ ለማክ መግዣው የሚሆን ብርም በብሉቱዝ ላኪላት እንግዲህ
ቤቲና የምር ልጠይቅሽ ግን፣ ዋንድራይቭሽን (ኢንተርኔት ላይ ያለውን የማይክሮሶፍት ፋይል ማስቀመጫ) አይተሻል? ፋይንድ ማይ ዲቫይስ ከሰራልሽ በማይክሮሶፍት አካውንት ነው የገባሽው ማለት ነው፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳታውቂው ዴስክቶፕና ዶክመንትስሽን እየሰቀለልሽ ነው የሚኖረው። ነፃው 5 ጊጋ ነው ለወርድ ፋይል ይበቃል። በስልክሽ ክፈቺው

አቡሽ
እኔ ፕሬይ የሚባለውን አፕ እጭናለሁ አሁን፣ ካሜራ ከፍቶ የሌባውን ፎቶ ያነሳል አሉ

ሚኪ ጥገና
ያነሳል፣ ጠፋ ብለህ ስታመለክትበት ካሜራውንም ስክሪኑንም ያነሳልሃል። ቺሌ ውስጥ ነው የተሰራው ጥሩ ነው። ግን ቀድመህ ካልጫንከው የለም፣ እሱንም ፎርማት ያጠፋዋል። ፎርማት የማያጠፋው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ፕሮግራም) ውስጥ የሚቀመጠው ኮምፒውትሬስ የሚባለው ነው፣ እሱን ግን በብዛት የውጭ ድርጅቶች ናቸው የሚያበሩት። ከውጭ የሚገባ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ስትገዙ ባዮሱን እዩ፣ ድርጅቱ ሳያጠፋው የሸጠው ከሆነ አንድ ቀን ጠዋት ተቆልፎ ታገኙታላችሁ።

ቤቲና
ናኒዬዬዬዬ አገኘሁትትትት!!! እስከ ግንቦት 28 የፃፍኩት አለ ቻፕተር 4 ግማሹ ድረስ!! የቀረው አራት አምስት ገፅ ነው እሱን እፅፈዋለሁ እግዚአብሔር ይስጥሽ እያለቀስኩ ነው

ናኒ
ለሌባው ተዪለት ያልኩት ቻፕተር 4ን ነበር ሰማኝ መሰለኝ 😂 አሁን የጂሜልሽንም የቴሌግራምሽንም ዲቫይስ ዝርዝር ውስጥ ገብተሽ ከላፕቶፑ አስወጪው

ቤቲና (ማታ 2:40)
ጣቢያ ሄደን ቃል ሰጥቻለሁ ሲሪያሉን መዘገቡልኝ፣ ነገ ጠዋት መርማሪው ሲገባ ኑ አሉን። ሎክ አድርጌ የወንድሜን ስልክ ፅፌበታለሁ። አሁን ኦፍላይን ይላል ካርታው አልተንቀሳቀሰም

ኪያ መገናኛ
ከመጀመሪያው ሎክ ብያለሁ

ቤቲና (ማታ 3:25)
የማናውቀው ቁጥር ወንድሜ ስልክ ላይ እየደወለ ነው!! ሁለቴ ደወለ። ያንሳው??

አቡሽ
ያንሳውውው

ህግ ተማሪ
ያንሳው ግን ጠይቆ መስማት ብቻ። ብር ቅድሚያ ላክ ካለ ሳይበር ኪንግ ነው በለው። ቀጠሮ ከሰጠ ቁጥሩን ለመርማሪው አስመዝግቡ ብቻችሁን እንዳትሄዱ

ሳይበር ኪንግ
ምን አደረግኳችሁ እኔ

ሶል (ሰኔ 4)
እሺ ምን አለ ሰውየው?

ሚኪ ጥገና (ሰኔ 6)
ቤቲና? ካገኛችሁት ቻርጀሩን ሳትሰኪ በፊት አሳዪኝ በነፃ አይልሻለሁ፣ በሌላ ቻርጀር አቃጥለውት ሊሆን ይችላል

ዳጊ (ሰኔ 9)
የኔም ዴል ትናንት ጠፋ ግን ፋይንድ ማይ ዲቫይስ ኦፍ ነው ይለኛል አሁን ከዚህ ሆኜ ኦን ማድረግ ይቻላል?

ኪያ መገናኛ
ሎክ አርገው

ሚኪ ጥገና
ኪያ ባክህ ተወው። ዳጊ አሁን ማብራት አይቻልም፣ ሲሪያልህን ፈልግና ጣቢያ ሂድ፣ ዋንድራይቭህንም እይ

ጋሽ ደርቤ (ሰኔ 14)
የልጅቷ ዲፌንስ ሰኔ 12 አልነበረም? እንዴት ሆነች?